የላብራቶሪ መለኪያን ከኮምፒውተር ማዘዝ፦ ሰው በሌለበት ማን ያያል?

አንድ ሰው ዲጂታል መልቲሜትር ፊት ቁጭ ብሎ ቮልቴጅ ሲለካ ከሚያስበው በላይ ብዙ ሥራ ይሠራል። ቁጥሩ እስኪረጋጋ ይጠብቃል። ውስጥ ያለው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ቀጭ ሲል ይሰማና መሣሪያው የልኬት ክልሉን እንደቀየረ ይገባዋል። ስክሪኑ ላይ «ከአቅም በላይ» የሚል ምልክት ሲመጣ ያንን ንባብ አይመዘግብም። ገመዱ ላልቶ ቁጥሩ ሲዘል ወዲያው ያስተካክለዋል። ይህን ሁሉ አድርግ ያለው የለም። ዓይኑና ጆሮው በራሳቸው ያደርጉታል።

አሁን ያንኑ መሣሪያ ከኮምፒውተር ጋር እናገናኘውና ሰውየው ወደ ቤቱ ይሂድ። ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ንባብ እየጠየቀ እስኪነጋ ይመዘግባል። ጠዋት ላይ ከ30 ሺህ በላይ ቁጥሮች በፋይል ተደርድረው ይጠብቁናል። ችግሩ ግን እዚህ ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ ስክሪኑን ያየ የለም። ሪሌዩን የሰማም የለም።

መሣሪያን በርቀት ማዘዝ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል። ከባዱ ሥራ ዓይንና ጆሮ ይሠሩት የነበረውን አንድ በአንድ ለፕሮግራሙ ማስረከብ ነው። ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች «ገመዱን ሰክተህ ይህን ትዕዛዝ ላክ» ብለው ያበቃሉ። እኔ ደግሞ ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው ባይ ነኝ።

ገመዱና ቋንቋው

ከገመዱ እንጀምር። ዘመናዊ የመለኪያ መሣሪያዎች ከጀርባቸው ብዙ ጊዜ የዩኤስቢና የኔትወርክ ሶኬት አላቸው። አንዳንዶቹ ሲሪያል የሚባለው የቆየ ሶኬትም አላቸው። ከእነዚህ ሌላ ባለ24 እግር ወፍራም ሶኬት ካያችሁ ጂፒአይቢ ነው። ይህኛው ታሪክ አለው። የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የራሱን መሣሪያዎች እርስ በርስ ለማገናኘት የፈጠረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አይትሪፕልኢ የሚባለው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር 488 በሚል ቁጥር መስፈርት አደረገው። በአንድ መስመር ላይ ኮምፒውተሩን ጨምሮ እስከ 15 መሣሪያ ይይዛል። የገመዱ ጠቅላላ ርዝመት ግን ከ20 ሜትር ማለፍ የለበትም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም በየላብራቶሪው እየሠራ ነው፤ ምክንያቱም በደንብ የታሰበበት ነበር። ለምሳሌ በመስመሩ ላይ መረጃውን ከሚቀበሉት መሣሪያዎች በጣም ዘገምተኛው «ተቀብያለሁ» እስኪል ድረስ ቀጣዩ ባይት አይላክም። ስለዚህ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ጥሎት አይሄድም።

ገመድ ግን መንገድ ብቻ ነው፤ የጋራ ቋንቋም ያስፈልጋል። ድሮ እያንዳንዱ አምራች የራሱ ትዕዛዞች ነበሩት። የአንዱን ኩባንያ መልቲሜትር በሌላው ለመተካት ፕሮግራሙን እንደገና መጻፍ ግድ ነበር። ይህን ለማቅለል እ.ኤ.አ. በ1990 ስኪፒ የሚባል የጋራ የትዕዛዝ ቋንቋ ወጣ። ስኪፒ ማንም ሊያነበው የሚችል ተራ ጽሑፍ ነው። ትዕዛዞቹ ከጥቅል ወደ ዝርዝር በሁለት ነጥብ እየተቀጣጠሉ ይሄዳሉ፦ ለካ፣ ከዚያ ቮልቴጅ፣ ከዚያ ዲሲ። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ካለ መሣሪያው መልስ ይሰጣል። ከሌለ የታዘዘውን ያደርግና ዝም ይላል።

ይህን «ዝም ይላል» የሚለውን ያዙልኝ። ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከእሱ ነው።

የመጀመሪያው ንግግር

ከማንኛውም መሣሪያ ጋር መጀመሪያ የሚደረገው ነገር «ማነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ትዕዛዙ ኮከብ ምልክት፣ አይዲኤን የሚሉት ፊደላትና የጥያቄ ምልክት ነው። መልሱ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ አራት ነገሮች ይዞ ይመጣል፦ አምራቹ፣ ሞዴሉ፣ የመለያ ቁጥሩና የውስጥ ሶፍትዌሩ ስሪት። ይህን መልስ በየፋይሉ መጀመሪያ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ከዓመት በኋላ ውሂቡ በየትኛው መሣሪያ እንደተለካ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

መልስ ካልመጣስ? ከመሣሪያው አድራሻ ቀጥሎ ሊታይ የሚገባው የመስመር መጨረሻ ምልክት ነው። መሣሪያው ትዕዛዙ ማለቁን የሚያውቀው በአንድ የማይታይ ባይት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ባይት አዲስ መስመር የሚባለው፣ ቁጥሩ 10 የሆነው ነው። ፕሮግራሙ ይህን ሳይጨምር ከላከ መሣሪያው «ገና አልጨረሰም» ብሎ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ግን ተፋጠው ይቀራሉ። በሲሪያል ገመድ ከሆነ የመላኪያ ፍጥነቱም በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለበት። አንዱ 9600፣ ሌላው 115200 ላይ ከሆነ የሚመጣው የተበላሸ ፊደል ነው፣ ወይም ምንም አይመጣም።

ጊዜ፦ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ

ከሁሉም በላይ ጠንቀቅ ማለት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም እዚህ የሚፈጠረው ስህተት ፕሮግራሙን አያቆመውም። ቁጥሮች መምጣታቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚመጡት ግን የተሳሳቱ ቁጥሮች ናቸው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ጥራት ያለው መልቲሜትር ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣውን ረብሻ ለማስወገድ ንባቡን በተወሰነ የመስመሩ ዑደት ብዛት ላይ አማካይ አድርጎ ይወስዳል። መስመሩ 50 ኸርዝ ከሆነ አንድ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ነው። ለጥራት ብለን 100 ዑደት ብንመርጥ አንዱ ንባብ 2 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ላይ ብዙ መልቲሜትሮች የራሳቸውን ዜሮ ለማረም ሌላ ተመሳሳይ ልኬት ይጨምራሉ። ስለዚህ 4 ሰከንድ ይሆናል።

በኮምፒውተሩ በኩል ደግሞ ፕሮግራሙ መልስ የሚጠብቅበት የጊዜ ገደብ አለ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፓይቪዛ የተባለው፣ ፓይተን ለሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ካልነገርነው በቀር 2 ሰከንድ ብቻ ይጠብቃል። እንግዲህ መሣሪያው በትክክል እየለካ ሳለ ፕሮግራሙ «መልስ የለም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ፕሮግራሙ እዚያው ቢቆም ጥሩ ነበር፤ ስህተቱን አይተን ገደቡን እናረዝመው ነበር። ግን ብዙ ሰው ኮዱን ሲጽፍ «ስህተት ካጋጠመህ እለፈውና ቀጣዩን ጠይቅ» ይለዋል። ቀጣዩ ጥያቄ ለምሳሌ የሙቀት መጠን ይሁን። በዚህ መሀል የዘገየው የቮልቴጅ መልስ ይደርሳል። በተለይ በሲሪያልና በተራ የኔትወርክ ግንኙነት ያ መልስ የደረሱ መልሶች በሚጠራቀሙበት ማቆያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ፕሮግራሙ የሙቀቱን መልስ ሲያነብ የሚያነሳው የቮልቴጁን ነው። ቀጥሎ ቮልቴጅ ሲጠይቅ የሙቀቱን ያነሳል። ወረፋ ላይ አንድ ሰው መሀል እንደገባ ሁሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ የሌላውን ተራ ይወስዳል። ቮልቴጅና ሙቀት ቢምታቱ እንኳ ምናልባት ይታወቅ ይሆናል። ሁለት ተቀራራቢ ቮልቴጆች ከተለዋወጡ ግን ማን ያውቃል? ግራፉ ያምራል፤ የሚያሳየው ነገር ግን እውነት አይደለም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የመጠበቂያ ጊዜውን ከረጅሙ ልኬት ሰፋ አድርጎ መወሰን። ሁለተኛ፣ መልስ ጠፍቶ ጊዜው ካለፈ ዝም ብሎ አለመቀጠል። መጀመሪያ ግንኙነቱን ማጽዳት፣ ማቆያው ውስጥ የቀረውን መጣል፣ «ማነህ?» ብሎ ጠይቆ ትክክለኛው መልስ መምጣቱን ማየት፣ ከዚያ መቀጠል። ጥቂት ተጨማሪ መስመር ኮድ ነው፤ የአንድ ሌሊት ሥራ ያድናል።

ጊዜን በተመለከተ ሌላም አለ። ትዕዛዝ መቀበልና ትዕዛዙን መጨረስ አንድ አይደሉም። ለፓወር ሰፕላይ (ቮልቴጅ ለሚሰጠው መሣሪያ) «5 ቮልት ስጥ» ብላችሁ በሚቀጥለው ሚሊሰከንድ መልቲሜትሩን «ለካ» ብትሉት ቮልቴጁ ገና እየወጣ ሳለ ሊለካው ይችላል። ለዚህ ሲባል አይትሪፕልኢ 488.2 የሚባለው የእ.ኤ.አ. 1987ቱ መስፈርት «ጨርሰሃል?» የሚል የጋራ ጥያቄ አስቀምጧል። መሣሪያው የጀመረውን ሲጨርስ 1 ብሎ ይመልሳል። በደፈናው «ግማሽ ሰከንድ ጠብቅ» ከማለት ይህ እጅግ ይሻላል። ገደቡን ግን እንወቅ። መሣሪያው የሚነግራችሁ የራሱን ሥራ ነው። ከእሱ ውጭ ያለው ናሙና ሞቆ እስኪረጋጋ አሥር ደቂቃ የሚፈልግ ከሆነ እሱን መሣሪያው አያውቅም። ተከታታይ ንባቦች መለዋወጥ ሲያቆሙ አይቶ «አሁን ተረጋግቷል» የሚል ፕሮግራም መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው።

ያልተጠየቀ ስህተት አይናገርም

መሣሪያው ያልገባውን ትዕዛዝ ሲቀበል ምን ያደርጋል? ስክሪኑ ላይ ምልክት ያበራል፣ አንዳንዱ ጢጥ ይላል። በገመዱ በኩል ግን ምንም አይልም። ስህተቱን ውስጡ ባለ ዝርዝር ላይ ይመዘግብና ጠያቂ ይጠብቃል።

ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ተመልከቱ። የልኬት ክልሉን እንዲቀይር ትዕዛዝ ላካችሁ እንበል፤ አንድ ፊደል ግን ተሳስቷል። መሣሪያው ትዕዛዙን አይቀበልም፣ በነበረበት ክልል መለካቱንም ይቀጥላል። ንባቦቹ ይመጣሉ። እናንተ በአዲሱ ክልል የተለኩ ይመስላችኋል።

ስለዚህ ስኪፒ የስህተት ዝርዝሩን የሚጠይቅ ትዕዛዝ አለው። ምንም ከሌለ 0 እና «ስህተት የለም» የሚል ጽሑፍ ይመለሳል። ያልታወቀ ትዕዛዝ ከሆነ ቁጥሩ -113 ነው። የተሰጠው ቁጥር ከሚፈቀደው ውጭ ከሆነ -222 ነው። መልስ ሳይነበብ አዲስ ትዕዛዝ ከተላከ -410፣ ጥያቄ ሳይቀርብ መልስ ለማንበብ ከተሞከረ -420 ይመጣል። እነዚህ ቁጥሮች በየአምራቹ አንድ ናቸው፤ ትልቅ ጥቅም ነው። ዝርዝሩ ግን የተወሰነ ቦታ ብቻ አለው። ሲሞላ በመጨረሻው ቦታ ላይ -350፣ ማለትም «ሞልቷል» ይገባና ከዚያ በኋላ ያሉት ይጠፋሉ።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። መሣሪያውን ለሥራ በምታዘጋጁበት ጊዜ ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በኋላ ስህተት ካለ ጠይቁ፤ ዝርዝሩ ባዶ እስኪሆን ድረስ። በዚህ አትብቁ፣ ያዘዛችሁትን መልሳችሁ ጠይቁት። ክልሉን 10 ቮልት ካደረጋችሁ «ክልልህ ስንት ነው?» በሉት። መልሱ ከውሂቡ ጋር ይመዝገብ። ፍጥነቱ ይቀንሳል የሚል ይኖራል። ዝግጅት የሚደረገው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚባክነው ጊዜ ከቁጥር አይገባም።

ቁጥር የሚመስሉ ነገሮች

የሚለካው ነገር ከክልሉ ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ ምልክት ይወጣል ብለናል። በገመዱ ላይስ? በስኪፒ ደንብ መሠረት 9.9 ሲባዛ በ10 ኃይል 37 የሆነ ግዙፍ ቁጥር ይላካል። ይህ ልኬት አይደለም፤ «ከአቅሜ በላይ ነው» ማለቱ ነው። 9.91 ሲባዛ በ10 ኃይል 37 ከሆነ ደግሞ «ይህ ቁጥር አይደለም» ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይህን ካላወቀ እንደ ማንኛውም ንባብ ፋይል ውስጥ ያስገባዋል። ከሺህ ንባቦች አንዷ እንዲህ ከሆነች አማካዩ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ማንኛውም ንባብ ከመመዝገቡ በፊት በዚህ ወንፊት ይለፍ። ንባቡ ከክልሉ አልፎ ከተገኘ «ከክልል ውጭ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ አይሰረዝ። መቼ ከክልል እንደወጣ ማወቅ ራሱ መረጃ ነው።

የአስርዮሽ ነጥብም ጉዳይ አለው። በአንዳንድ አገሮች ኮምፒውተሩ በነጥብ ፋንታ ነጠላ ሰረዝ እንዲጠቀም የተስተካከለ ነው። ፕሮግራሙ 1.5 ለማለት «1,5» ብሎ ከላከ መሣሪያው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አድርጎ ይወስደዋል። በአንዱ ኮምፒውተር የሚሠራ ኮድ በሌላው እንቢ ሲል አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ስንደርስ የመረጃው መጠን ይለወጣል። አንድ ሚሊዮን ነጥብ በጽሑፍ መላክ ጊዜ ስለሚፈጅ በጥሬ ባይት ይላካል። መጀመሪያው ላይ አጭር ራስጌ አለ፦ የቁጥር ምልክት፣ ቀጥሎ «ርዝመቱ ስንት አኃዝ ነው» የሚል አንድ አኃዝ፣ ከዚያ ርዝመቱ። ለምሳሌ «#41000» ማለት ርዝመቱ በ4 አኃዝ ተጽፏል፣ 1000 ባይት ይከተላል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቅድም ያልነው የመስመር መጨረሻ ምልክት ይመለስብናል። በጥሬው መረጃ ውስጥ ዋጋው 10 የሆነ ባይት መገኘቱ አይቀርም። ፕሮግራሙ «መስመሩ አለቀ» ብሎ መሀል ላይ ያቆማል። ሞገዱ አንዳንዴ ሙሉ፣ አንዳንዴ ጎደሎ ሆኖ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን። ጥሬ ባይት ሲነበብ ማቆሚያው ምልክቱ ሳይሆን ራስጌው የነገረን ርዝመት ነው።

በምን ሶፍትዌር?

በዚህ ላይ አጭር ልሁን። ቪዛ የሚባል መሀል ላይ የሚቀመጥ ሶፍትዌር አለ። ገመዱ ዩኤስቢም ሆነ ኔትወርክ ወይም ጂፒአይቢ ኮዱ እንዳይቀየር ያደርጋል፤ የሚቀየረው የአድራሻው ጽሑፍ ብቻ ነው። በላዩ ላይ ፓይተን መጠቀም ይቻላል። ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ ያለውና ፕሮግራሙን በሥዕል የሚሠራው ላብቪውም አለ። እኔ ለአዲስ ጀማሪ ፓይተንን እመርጣለሁ። ኮዱ ጽሑፍ ስለሆነ ትናንት የነበረውን ከዛሬው ጋር ማመሳከር ቀላል ነው። የትኛውንም ብትመርጡ የተላከው ትዕዛዝና የመጣው መልስ ሁሉ ከነሰዓቱ በአንድ ፋይል ይመዝገብ። ችግር ሲፈጠር ከግምት የሚያወጣችሁ ያ ፋይል ነው።

ሰዓቱን ካነሳን፣ ሥራው ሚሊሰከንድ የሚጠይቅ ከሆነ የኮምፒውተሩን ሰዓት አትመኑ። ኮምፒውተሩ በመሀል ሌላ ሥራ ይሠራል። መሣሪያው ራሱ በውስጥ ሰዓቱ ሺህ ንባብ ለክቶ በማስታወሻው ይያዝ፤ እናንተ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ውሰዱት።

ኔትወርክና ደኅንነት

መሣሪያው ኔትወርክ ላይ ሲወጣ ከሌላ ክፍል፣ ከሌላ ከተማም ማዘዝ ይቻላል። ብዙ መሣሪያዎች በፖርት (በኔትወርክ በር) 5025 ተራ የስኪፒ ጽሑፍ ይቀበላሉ። ብዙውን ጊዜ የይለፍ ቃል አይጠይቁም። ያ በር ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ያገኘው ሁሉ ፓወር ሰፕላያችሁን ማብራት ይችላል። ስለዚህ መሣሪያዎቹ በተለየ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ይሁኑ። ከውጭ የሚገባ ሰው በቪፒኤን (ወደ ውስጥ ኔትወርክ በሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ) ይግባ።

ላብራቶሪው ውስጥ ያለውንም ሰው አትርሱ። መሣሪያው ከኮምፒውተር ሲታዘዝ ፊት ለፊት ያሉት ቁልፎች ሊቆለፉ ይችላሉ። ሳያውቅ የመጣ ባልደረባ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። «በኮምፒውተር እየሠራ ነው፣ አትንኩ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ብዙ ያድናል።

ሥራ ሲጀመር መሣሪያውን ወደ መነሻው የሚመልሰውን ትዕዛዝ መላክ ጥሩ ልማድ ነው። ቀድሞ የነካው ሰው የተወው ቅንብር እንዳያሳስታችሁ። ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን ቆም በሉ፤ ያ ትዕዛዝ በአብዛኛው መውጫውን ያጠፋዋል። የተሰካው ነገር ኃይል ሊቋረጥበት የማይገባ ከሆነ ጉዳት ይደርሳል።

ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል። ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ወይም ፕሮግራሙ ቢወድቅ ፓወር ሰፕላዩ አይጠፋም። የመጨረሻውን ትዕዛዝ ይዞ መስጠቱን ይቀጥላል፤ ማሞቂያ ከሆነ ማሞቁን ይቀጥላል። በኮዱ መጨረሻ «ስትወጣ መውጫውን አጥፋ» ብሎ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ከጠፋ ያ መስመር አይደርስም። ስለዚህ የቮልቴጅና የከረንት ጣሪያው መሣሪያው ውስጥ ይቀመጥ። አንዳንድ መሣሪያዎች ለተወሰነ ሰከንድ ከኮምፒውተሩ ምንም ካልሰሙ መውጫቸውን በራሳቸው የሚያጠፉበት ቅንብር አላቸው፤ ካለ አብሩት። ማሞቂያ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሙቀት መቁረጫ ይግባ። ከፍተኛ ቮልቴጅ ካለ ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት ኃይሉን በቀጥታ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠም፤ በሶፍትዌር በኩል የማያልፍ። እነዚህ ሁሉ ተገጥመው፣ አንድ በአንድ ተሞክረው ካላለቁ በስተቀር መሣሪያውን ሌሊት ብቻውን ትቶ መሄድ አይገባም።